ከረጢቱ ላይ «1×2» ብቻ ከተጻፈ ከፋርማሲው መስኮት አትነሱ

የታናሽ ወንድሜን የአእምሮ ሕመም መድኃኒት የምገዛውም፣ የምቆጥረውም፣ ሲውጥ አጠገቡ የምቆመውም እኔ ነኝ። ይህን የምጽፈው መድኃኒቱን ለማማረር አይደለም። በጆሮው የሚሰማው ድምፅ የጠፋለት፣ ሌሊቱን መተኛት የቻለው፣ ወደ ሥራው የተመለሰው በእሱ ነው። ግን ስለ መድኃኒቱ ጠባይ በመጀመሪያው ቀን በአምስት ደቂቃ ሊነገረን ይችል የነበረውን በመከራ አወቅነው፤ እስካሁን ያናድደኛል።

ቀላል ቀላሉን ቶሎ ልለፈው። የጤና መድን ያለው ሰው መጀመሪያ ከጤና ጣቢያ ሪፈር ያጽፍ፤ አለዚያ ከኪሱ ነው የሚከፍለው። መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት ክብደት፣ የወገብ ዙሪያ፣ የደም ግፊትና በባዶ ሆድ የሚለካው ስኳር ተመዝግበው ካርዱ ላይ ይስፈሩ። ካላዘዙላችሁ ጠይቁ፣ ነውር የለውም። ኪኒኑ ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት ይሰጥ። ትናንት የተረሳውን ዛሬ ደርቦ መስጠት የለም።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ወንድሜ የጀመረው በሃሎፔሪዶል ነው። ባለ 2 ሚሊግራም፣ ጠዋት አንድ ማታ አንድ፣ በቀን 4 ሚሊግራም ማለት ነው። ተስማምቶት ነበር። ከዚያ አንድ ቀጠሮ ላይ «መድኃኒቱ የለም፣ ከውጭ ግዙ» ተባልን። ይህ ያልደረሰበት አስታማሚ ያለ አይመስለኝም።

ውጭ ያለው ፋርማሲ መድኃኒቱን ያስቀመጠው በትልቅ ብልቃጥ ነበር። ባለሙያው ፍሬዎቹን ቆጥሮ በትንሽ የላስቲክ ከረጢት ጨመረና ላዩ ላይ በእስክሪብቶ «ሃሎፔሪዶል 1×2» ብሎ ሰጠን። አንድ ፍሬ በቀን ሁለት ጊዜ። ባለ ስንት ሚሊግራም እንደሆነ ግን አልጻፈም። የሚያበቃበትን ቀንም አልጻፈም። ብልቃጡ ውስጥ የነበረው ባለ 5 ነው። የቀን መጠኑ ከ4 ወደ 10 ሚሊግራም ዘለለ፣ ያዘዘ ሐኪም ሳይኖር። ማዘዣው ላይ «2» የሚለው ቁጥር ቁልጭ ብሎ ተጽፏል፤ ባለ 2 የለኝም ብሎ መመለስ ወይም ቢያንስ ልዩነቱን መናገር የፋርማሲው ሥራ ነበር። ኋላ ሄጄ ብጠይቅ «ያው አንድ መድኃኒት ነው» አለኝ። አንድ አይደለም! ሃሎፔሪዶል ባለ 1.5ም፣ ባለ 2ም፣ ባለ 5ም ይመጣል፤ ሁሉም ትንንሽ ክብ ፍሬዎች ናቸው፣ በዓይን አይለዩም።

መጠኑ ከዘለለ በኋላ ብዙም አልቆየ፣ አንድ ምሽት እራት ላይ ምላሴ ከበደኝ አለ። ጉርሻው አፉ ውስጥ ቀረ። ወዲያው አንገቱ ወደ ቀኝ መዞር ጀመረ፤ በእጄ ላቃናው ብሞክር እንደ እንጨት ነው። ቀጥሎ ዓይኖቹ ወደ ጣሪያው ተሰቅለው ቀሩ። ወደ ታች እይ ብለው እንኳ ማውረድ አይችልም። መንጋጋው ተቆልፎ ላቡ ይወርዳል፣ ግን ሙሉ በሙሉ ነቅቷል። በጥርሱ መካከል «ምን ሆንኩ?» ይለኛል። ጎረቤት ተሰበሰበ። እትዬ ወይንሸት የጸበል ጠርሙስ ይዘው ደረሱ፣ ሌላው ክብሪት ጫሩለት። አልፈርድባቸውም፤ ላላወቀው ሰው በእርግጥ የተለከፈ ይመስላል።

ይህ ነገር ስሙ ዲስቶኒያ ነው። መድኃኒቱ አንጎል ውስጥ ዶፓሚን የሚባለውን መልእክተኛ ያግዳል። ሕመሙን የሚያስታግሰው በዚሁ ነው። ዶፓሚን ግን የጡንቻን እንቅስቃሴም ይቆጣጠራል፤ እሱ በድንገት ሲታገድ አሴቲልኮሊን የሚባለው ሌላው መልእክተኛ ሚዛኑን ይደፋውና ጡንቻ ይኮማተራል። አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው መድኃኒቱ በተጀመረ ወይም መጠኑ በጨመረ ከሰዓታት እስከ አምስት ቀን ባለው ጊዜ ነው። ወጣት ወንዶችን ይበልጥ ያጠቃል፣ እንደ ሃሎፔሪዶል ያሉት ጠንካሮቹ ላይ ደግሞ ይብሳል። ይህንን ለባለ ጫት ቤት እንኳ ማስረዳት ይቻላል። ለእኛ ያስረዳ አልነበረም።

የባሰው ጤና ተቋሙ ውስጥ የሆነው ነው። መጀመሪያ የተቀበለን ሰው መንጋጋውን አይቶ «ሚስማር ወግቶሃል?» አለ። መንጋጋ ቆልፍ ጠርጥሮ ነው፤ መጠርጠሩ ባልከፋ፣ ግን ምን መድኃኒት ይወስዳል ብሎ አልጠየቀም። የአእምሮ ሕመምተኛ መሆኑን ስነግረው ይባስ ብሎ «እንግዲያው ሕመሙ ተነስቶበት ነው፣ ወደሚታከምበት ውሰዱት» አለኝ። ሌላዋ ደግሞ ሆን ብሎ ነው የሚያደርገው ብላ ጉንጩን መታ መታ አደረገችው። አንገቱ ተጣሞ ለሚጮህ ሰው!

እናንተ እንዳትታለሉ ልዩነቱን ልንገራችሁ። የሚጥል በሽታ መላ ሰውነቱን ሲያንፈራግጠው ሰውዬው ራሱን ይስታል። በዲስቶኒያ ግን ነቅቶ ያወራችኋል። መንጋጋ ቆልፍ በቀናት ውስጥ እየባሰ ይሄዳል፣ ድምፅና ንክኪ ያስነሳዋል፣ ዓይንን ወደ ላይ አይሰቅልም። ዲስቶኒያ ለጥቂት ጊዜ ለቀቅ አድርጎ ደግሞ ሊይዝ ይችላል፤ «እያስመሰለ ነው» የሚያስብለውም ይኸው ነው። ከሁሉ በላይ ግን በቅርብ ቀን የተጀመረ ወይም የተቀየረ መድኃኒት አለ። ስለዚህ ስትሄዱ ከረጢቱን ይዛችሁ ሂዱ፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡና «ይህን ይወስዳል፣ ከዚህ ቀን ጀምሮ» በሉ። ዲስቶኒያ የሚለውን ስም እናንተው ጥሩት። ባለሙያ ፊት አዋቂ መምሰል ያሳፍራል የምትሉ ካላችሁ፣ ይፈር።

በመጨረሻ ተረኛ የነበረ አንድ ወጣት ሐኪም ገና ከበር ሲያየው ገባው። ፕሮሜታዚን 50 ሚሊግራም ጡንቻው ላይ አስወጋው። ሌላ ቦታ ቤንዝትሮፒን ወይም ባይፔሪደን ይሰጣል፣ ከሌለ ዲያዜፓምም ያግዛል። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ዓይኖቹ ወረዱ፣ አንገቱ ላላ። እግዜር ይስጠው።

ግን ከዚያም በኋላ ሁለት ነገር ተበላሸ። መርፌው የሚሠራው ለሰዓታት ነው፤ ሃሎፔሪዶል ግን ግማሹ ብቻ እንኳ ከሰውነት ለመውጣት አንድ ቀን ገደማ ይፈጃል። ስለዚህ ከመርፌው በኋላ ለሁለት ሦስት ቀን የሚዋጥ ማስታገሻ መታዘዝ ነበረበት። አልታዘዘም። ሌሊቱን ተመልሶ ያዘው፣ ተመልሰን ሄድን። ሁለተኛው ደግሞ፣ በፈረቃ የተተካው ሰው ካርዱ ላይ «የሃሎፔሪዶል አለርጂ» ብሎ ጻፈና መድኃኒቱን አቁም አለው። አለርጂ ማለት ቆዳ ማሳከክ፣ ፊት ማበጥ፣ ትንፋሽ ማጠር ነው። ይህ ከመጠን ጋር የተያያዘ የጎንዮሽ ጉዳት ነው፤ መጠኑ ሲስተካከል ይጠፋል። ያቺ አንዲት ቃል ካርዱ ላይ ብትቀር ኖሮ ወደፊት የሚያየው ሐኪም ሁሉ የተስማማውን መድኃኒት ይፈራው ነበር። ክትትል የሚያደርግለት የሳይካትሪ ባለሙያ ጋ ወስጄ አሰረዝኩት፣ «በ10 ሚሊግራም ዲስቶኒያ፣ በ4 ሚሊግራም ደህና» ተብሎ ተጻፈ። በድንገት ማቆሙም ቀላል ነገር አይደለም። መድኃኒቱ ሲቋረጥ ሕመሙ የሚመለሰው በማግስቱ ስላልሆነ፣ ሰው «ሳይወስድም ደህና ነው» ይላል፤ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ሲያገረሽ ከመድኃኒቱ ጋር የሚያያይዘው የለም።

እዚህ ላይ ከመመሪያው ጋር እጣላለሁ። ጤና ጣቢያዎች የሚሠሩበት የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ፣ አርቴንን (ትራይሄክሲፌኒዲል የሚባለውን የሚዋጥ የዲስቶኒያ ማስታገሻ) የመሳሰሉ መድኃኒቶች ለመከላከል ተብሎ ለሁሉም እንዳይሰጡ ይላል። ምክንያቱ ይገባኛል። አርቴን አፍ ያደርቃል፣ ሆድ ያደርቃል፣ ሽንት ይከለክላል፣ አረጋውያንን ያደናግራል፤ ለስካር የሚፈልጉትም አሉ። በየቀኑ ለዓመታት የሚውጡትን አይቻለሁ፣ ለምን እንደሚውጡት ጠይቆ የሚያውቅ የለም፤ እሱም ጥፋት ነው። እኔ የምለው ግን ሌላ ነው። አንድ ወጣት ወንድ ሃሎፔሪዶል ሲጀምር ወይም መጠኑ ሲጨመርለት፣ ጥቂት ፍሬ ባለ 2 ሚሊግራም አርቴን ከአጠቃቀሙ ጋር ታዝዞለት ቤት ይቀመጥ። በየቀኑ አይዋጥ፣ ቁልፍ ያለው መሳቢያ ውስጥ ይሁን። መመሪያው የሚመቸው መርፌው በቅርብ ለሚገኝለት ሰው ነው፤ ሌሊት ታክሲ የማይገኝበት ሰፈር ያለን ሰዎች ሌላ ስሌት አለን። መዋጥ ካቃተው ወይም ትንፋሹ ሲር ሲር የሚል ድምፅ ካወጣ ግን ምንም ነገር አፉ ውስጥ አትጨምሩ፤ ጉሮሮው እየተያዘ ሊሆን ይችላል፣ በሩጫ ድንገተኛ ክፍል ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ማንም አያነሳውም። ሲያስመልሰው የሚወጋው ፕላሲል፣ ማለትም ሜቶክሎፕራማይድ፣ ራሱ ዶፓሚንን ያግዳል። ሃሎፔሪዶል ላይ ሲደረብ ያንኑ ጉድ ያመጣል። ለጨጓራም ለትውከትም ስትሄዱ አስቀድማችሁ ተናገሩ።

ከዲስቶኒያ ይልቅ ቀስ ብሎ የሚጎዳው መቁነጥነጡ ነው፤ አካቲዝያ ይሉታል። ሰውዬው መቀመጥ ያቅተዋል፣ እግሩን ያወዛውዛል፣ ግቢውን ሲዞር ያድራል። ቤተሰብ «ሕመሙ ተነሳ» ይላል፣ ሐኪሙ መጠን ይጨምራል፣ መቁነጥነጡም ይብሳል። እኔ ወንድሜን የምጠይቀው «ሐሳብህ ነው ወይስ እግርህ ነው ያላስቀመጠህ?» ብዬ ነው። እግሬ ካለ፣ ያንኑ ቃል ለሐኪሙ እነግራለሁ። መፍትሔው ብዙ ጊዜ መጠን መቀነስ ነው፤ ፕሮፕራኖሎልም ይታዘዛል፣ አስም ላለበት ግን አይሆንም። አትናቁት፣ ሰውን ራሱን እስከማጥፋት የሚያስመርር ጭንቀት አለው።

ትኩሳት ሲመጣም እንዲሁ። እኛ አገር ትኩሳት ያለበት ሁሉ ታይፎይድ ወይም ወባ ይባላል። ይህን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን ትኩሳት ላይ ሰውነቱ እንደ እንጨት ከደረቀ፣ ላብ ካጠመቀው፣ ነገር ከተምታታበት፣ ብርቅ ግን ገዳይ የሆነ ነገር ሊሆን ይችላል፤ ኒውሮሌፕቲክ ማሊግናንት ሲንድሮም ይባላል። የሚቀጥለውን ፍሬ አትስጡት፣ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ውሰዱት። «በድንገት አታቁም» የሚለው ምክር የማይሠራበት ቦታ ይህ ነው።

ሌሎቹ መድኃኒቶች የየራሳቸው ጠባይ አላቸው። ኦላንዛፒን የምግብ ፍላጎትን ይከፍታል፣ ክብደትና ስኳር ያወጣል፤ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው በድንገት ካቆመ ደግሞ መድኃኒቱ በደሙ ውስጥ ይጨምርበታል፣ ለሐኪም ይነገር። ሪስፔሪዶን የወር አበባ ሊያስቀር፣ ጡት ወተት እንዲያወጣ ሊያደርግ ይችላል፤ ወንዶች ላይ የሚያመጣውን የወሲብ ችግር ማንም ደፍሮ አይናገርም፣ ዝም ብለው ያቆሙታል እንጂ። ክሎርፕሮማዚን የወሰደ ሰው ከአልጋ ብድግ ሲል ሊወድቅ ይችላል፣ ፀሐይም ቆዳውን ቶሎ ያቃጥለዋል። በየሁለት እስከ አራት ሳምንቱ የሚወጋው ፍሉፌናዚን ኪኒን መርሳትን ያስቀራል፤ ግን አንዴ ከተወጋ መልሶ ማውጣት ስለማይቻል በ12.5 ሚሊግራም ተጀምሮ ይታይ። በአንዴ 25 ልውጋው የሚል ካለ ለምን እንደሆነ ያስረዳችሁ። ከንፈርና ምላስ ያለማቋረጥ የሚያላምጡ ከሆነ ደግሞ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ የሚመጣ ሌላ ጉዳት ነው፣ አርቴን ያባብሰዋል እንጂ አያድነውም።

ጫትን በተመለከተ ክርክር አልወድም። መድኃኒቱ ዶፓሚንን ሲያግድ ጫት ያንኑ ይለቃል፤ ምርቃናው ደግሞ እንቅልፍ ይነሳል፣ እንቅልፍ ማጣት ብቻውን ሕመሙን ይቀሰቅሳል።

ጾምና ጸበል ላይ ግን መጣላት አያስፈልግም። አብዛኛው መድኃኒት ማታ በአንዴ እንዲሆን ሐኪሙን ጠይቁ፤ ያኔ ከጾሙ ጋር አይጋጭም። ጸበል የሚሄድ ከሆነ ሙሉውን መድኃኒት፣ የማዘዣውን ኮፒና ሚሊግራሙ የተጻፈበትን ከረጢት ይያዝ፤ በቀዝቃዛ ውኃ ከተጠመቀ በኋላ ቶሎ ብድግ አይበል። ውኃም ይጠጣ፣ በተለይ አርቴን የሚወስድ ከሆነ።