እርሾ ልመና

ከአዲስ አበባ ከተመለስኩ ዛሬ 9ኛ ቀኔ ነው። እንቅልፌ ግን ገና አልተስተካከለም። ሌሊት 9 ሰዓት ሲሆን ዓይኔ ቁልጭ ይላል። በዚህ ወቅት ልዩነታችን 8 ሰዓት ስለሆነ እዚያ ከረፋዱ 5 ሰዓት ነው፤ እማዬ ቡና የምታፈላበት ሰዓት። እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ጨለማ ውስጥ ተጋድሜ፣ ይሄኔ ቆልታለች፣ ይሄኔ ጎረቤት ጠርታለች እያልኩ አነጋለሁ።

ከገና በፊት ሄጄ፣ ጥምቀትን ጃንሜዳ ውዬ ነው የመጣሁት። 4 ሳምንት። መኪናዬ ያን ሁሉ ጊዜ ውጭ ብርድ ላይ ቆማ ባትሪዋ ሞቶ ጠበቀችኝ። ባለቤቴ «በየ3 ቀኑ አስነሳታለሁ» ብሎኝ ነበር። አንዴም አላስነሳትም። የመጀመሪያ ቀን ሥራ አርፍጄ ገባሁ።

ሻንጣውም የራሱ ታሪክ አለው። እማዬ በርበሬውን በሦስት ፌስታል ጠቅልላ በፕላስተር ደጋግማ አስራው ነበር። ስከፍተው ከሽሮ ሜዳ የገዛሁት አዲሱ ነጭ ቀሚሴ ጥበቡ እስከማይለይ ቀልቷል። ቦሌ ሚዛን ላይ ከ23 ኪሎው አልፎ ስለተገኘ ቋንጣው ወጣ። ሥጋ እኮ እዚህ አያስገቡም፤ ለእማዬ ብነግራት ብነግራት አልሰማ ብላ ነው። ወንድሜ ቋንጣውን ተቀብሎ ሲስቅ ሳየው፣ ሻንጣውን ሆን ብሎ ያከበደው እሱ መሰለኝ።

የከፋው ግን የእርሾው ነገር ነው። ስሄድ በጠርሙስ አድርጌ ፍሪጅ ውስጥ ትቼው ነበር። ከሊጥ ወደ ሊጥ ሲሻገር 6 ዓመት የሞላው እርሾ ነው። የ14 ዓመቱ ልጄ ደግሞ እኔን ለማስደሰት ፍሪጁን ሙልጭ አድርጎ አጥቦ ጠበቀኝ። «ማሚ፣ የሸተተ ቢጫ ውሃ ነበር፣ ደፋሁልሽ» አለኝ፤ ፊቱ እየበራ።

አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። ልጄ ሳይለመን ያጠበው የመጀመሪያ ነገር ነው። ምን ይባላል? «ጎበዝ» አልኩት። ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። በእርሾ አይለቀስም፣ አውቃለሁ። ቦሌ ላይ እማዬ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቆማ ስትቀር፣ እኔ ስለ ሻንጣ ኪሎ እጨቃጨቅ ነበር። ሳላለቅስ ነው አውሮፕላን ውስጥ የገባሁት።

ደውዬ ስነግራት ሳቀችብኝ። «ጎረቤት የለሽም እንዴ? እርሾ እኮ ተለምኖ ነው» አለች።

ልጅ ሆኜ ኩባያ ይዤ ጎረቤት የምላከው እኔ ነበርኩ። እዚህ ግን ሰው ሳይደወልለት በሩ አይንኳኳም። ከእኛ በላይ ካለው ፎቅ አንዲት ኤርትራዊት እናት አሉ። 7 ዓመት ሙሉ ሊፍት ውስጥ ሰላም ከመባባል አላለፍንም። በራቸውን ለማንኳኳት 3 ቀን ፈጀብኝ። ኩባያዬን ሲያዩ ሳልናገር ገባቸው። «ግቢ» አሉ። ቡና ተቆላ። በረካው ሳይጠጣ መውጣት አልነበረም፤ እኔም አልቸኮልኩም። ስለ ጉልበታቸው፣ ቴክሳስ ስላለው ልጃቸው፣ ስለ ጤፍ ዋጋ ሲያወሩልኝ መሸ። ባለቤቴ ጠፋች ብሎ ደውሏል።

ሊጡን ማሞቂያው አጠገብ አስቀምጬ 3 ቀን ጠበቅኩ። ትናንት ማታ ጋገርኩ። አብሲቱን አበዛሁት መሰለኝ፣ የመጀመሪያው እንጀራ ዓይን የሚባል የለውም። ልጄ ግን በሽሮ ጥርግ አድርጎ በላው። ለእማዬ ፎቶ ብልክላት «ይሄ ዳቦ ነው እንጀራ?» የሚል ድምፅ ላከችልኝ። ከኋላ ወንድሜ ሲስቅ ይሰማል። ቋንጣዬን እየበላ መሆን አለበት።

ነገ ደግሜ አቦካለሁ። አዲሱን እርሾ ጠርሙስ ውስጥ ከትቼ፣ ላዩ ላይ በትልልቁ «እንዳይደፋ!» ብዬ ለጠፍኩበት። ልጄ ፊደል እንደማያነብ ትዝ ያለኝ ከለጠፍኩት በኋላ ነው።