ሆት ፕሌት ላይ የቀለጠው ማር

ላብራቶሪ ውስጥ ቴክኒሻን ነኝ፤ ሥራዬ የተማሪዎችን ምርምር ማገዝ ነው። አንዷ የማስተርስ ተማሪ የትግራይን ነጭ ማርና ነጭ ሽንኩርትን ስታፊሎኮከስ አውሬስ ላይ ትሞክር ነበር፣ ቁስል የሚያመግለው ባክቴሪያ ላይ ማለት ነው። የማሩ የመጀመሪያ ሙከራ አሪፍ ነበር። አጋሩ (ፕሌት በሚባለው ሳህን ላይ ባክቴሪያ የሚበቅልበት ጄሊ መሰል ነገር) ላይ ማሩን በውሃ በጥብጣ በጨመረችበት ጉድጓድ ዙሪያ ባክቴሪያ ያልበቀለበት ክብ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ስትደግመው ግን ክብ የሚባል ነገር የለም፤ ፕሌቱን ዳር እስከ ዳር ባክቴሪያ ወርሶታል።

«ጋሼ፣ ነጋዴው ሸውዶኛል፤ የተቀላቀለ ማር ነው» አለችኝ።

«ያው የፊተኛው ማር አይደል እንዴ?»

ነው። ባክቴሪያውም አጋሩም ያው ነው። ስንጨቃጨቅ ቆይተን በመሃል እንደ ዋዛ «ደርቆ አስቸገረኝ እኮ፣ ሆት ፕሌት ላይ ነው ያቀለጥኩት» አትለኝም! የላብራቶሪውን የኤሌክትሪክ ምድጃ ማለቷ ነው፤ ደብተሯ ላይ አልጻፈችውም።

በቃ፣ ነገሩ እዚያ ጋ ነው። ንብ ማር ስትሠራ ከራሷ እጢ ግሉኮስ ኦክሲዴዝ የሚባል ኢንዛይም (ኬሚካላዊ ለውጥን የሚያፋጥን ፕሮቲን) ትጨምርበታለች። ማሩ ወፍራም እያለ ኢንዛይሙ ብዙም አይሠራም፤ ውሃ ሲገባበት ግን ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ማምረት ይጀምራል። ፋርማሲ ለቁስል ማጠቢያ የሚሸጠውን ማለቴ ነው። ሙቀት ሲበዛበት ኢንዛይሙ ይበላሻል። በዋናነት የሚቀረው ስኳሩና አሲዱ ነው፣ እነሱ ደግሞ በውሃ ሲቀጥኑ አቅማቸው ይደክማል። ነጭ ሽንኩርቱም የዚያው ዘመድ ነው። ባክቴሪያ የሚገድለው አሊሲን የሚፈጠረው ሲወቀጥ፣ በራሱ ኢንዛይም ነው፤ ሳይወቀጥ ከተቀቀለ የለም በለው። (ሁለቱን አንድ ላይ አፍልታችሁ ለጉንፋን የምትጠጡ፣ ለጣዕሙ ከሆነ እሺ።)

ከዚያ ያልሞቀ ማር፣ የሞቀ ማር፣ ካታሌዝ የሚባል ሌላ ኢንዛይም የተጨመረበት ማርና ባዶ የስኳር ውሃ ጎን ለጎን አስቀመጥን። በስኳር ውሃው አልደራደርም፣ ስኳሩ ብቻውን ይገድል እንደሆነ የሚለየው እሱ ነው፤ ብዙ ተማሪ ግን ይዘለዋል። ያልሞቀው ላይ ክቡ ተመልሶ መጣ። ካታሌዝ የገባበት ላይ ጠፋ፤ ካታሌዝ ፐርኦክሳይዱን ስለሚበትነው። የደረቀውን ማር ለማላላት 37 ዲግሪ ኢንኩቤተር ውስጥ ማቆየት በቂዋ ነበር።

ልጅቷ በደስታ «መድኃኒት አገኘን» ማለት ስትጀምር አቆምኳት። ፕሌት ላይማ በረኪናም ይገድላል።

ነጋዴውን ግን ቀድማ ደውላ ሰድባው ነበር። አሁን ይቅርታ ትጠይቀው ወይስ ዝም ብላ ሌላ ኪሎ ትግዛው፣ እያሰበችበት ነው።