ግራዝማች ስማቸው ይመስለኝ ነበር

ደሴ፣ እኛ ሰፈር ግራዝማች የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ስማቸው ይመስለኝ ነበር። እናቴ «ግራዝማች እንዴት አደሩ» ትላለች፣ ባለሱቁም ግራዝማች፣ በቃ፣ ሌላ ስም ሲወጣላቸው ሰምቼ አላውቅም።

ሲያርፉ የቅሬው (የዕድሩ) ዳኛ «አንተ ጽሕፈት ታውቃለህ» ብለው የሕይወት ታሪካቸውን አስጻፉኝ። እኔ ደግሞ ያው ነው ብዬ «ቀኛዝማች» አልኳቸው። ልጃቸው ድንኳኑ ውስጥ ወረቀቱን አየችና «ወንድሜ፣ ይቺን አባባ አላገኛትም» አለችኝ። አፈርኩ።

ያው አይደለም ለካ። አዝማች ጦር የሚያዘምት ነው። ፊታውራሪ በፊት፣ ቀኛዝማች በቀኝ ክንፍ፣ ግራዝማች በግራ፣ ደጃዝማች ደግሞ የንጉሡ ድንኳን ደጅ ላይ። ማለትም ቃሎቹ መጀመሪያ የሰልፍ ቦታ ናቸው። በኋላ ግን መሰላል ሆኑ፤ ራስ፣ ደጃዝማች፣ ፊታውራሪ፣ ቀኛዝማች፣ ግራዝማች፣ ከሥራቸው ባላምባራስ፣ እና ጦር ሜዳ ረግጦ የማያውቅ የመንግሥት ሠራተኛም ይሾምባቸው ጀመር። የእኛ ግራዝማች የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። በግራም በቀኝም ያዘመቱት ጦር የለም፣ ብዕር ካልሆነ።

ደግሞ መሰላሉን ብቻ አይቶ ሰውን መመዘን ያሳስታል። ለዚህ ከወሎ የተሻለ ማስረጃ የለም። የወሎው ገዥ ራስ ሚካኤል በ1906 ዓ.ም. ንጉሥ ተባሉ፣ ከዚያ በላይ ያለው ንጉሠ ነገሥት ብቻ ነው። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ ተሸንፈው ሲማረኩ የሸዋን ጦር ይመሩ የነበሩት ግን ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ናቸው። ፊታውራሪ! በመሰላሉ ከራስም ከደጃዝማችም በታች ነው፤ እሳቸው ግን የጦር ሚኒስትር ነበሩ፣ ስንቱ ራስ ይፈራቸው ነበር። ይህን ታሪክ እኛ ጋ ስትናገር አንዳንድ ሽማግሌ ፊቱን ያጠቁራል፣ አይፈረድበትም።

ከአብዮቱ በኋላ ማዕረጉ ቀረ። ሰፈር ውስጥ ግን ማን ሰምቶ! እሳቸው እስኪያርፉ ድረስ ግራዝማች ነበሩ። ለመጀመሪያ ጊዜ የክርስትና ስማቸውን የሰማሁት ያን ዕለት ቄሱ ሲጠሩት ነው፣ ስለማን እንደሚያወሩ ለመረዳት ትንሽ ጊዜ ፈጀብኝ።

ልጃቸው እስክሪብቶ አቀበለችኝ። «ቀኝ»ን ሰርዤ ከላዩ «ግራ» ጻፍኩና ለአንባቢው ሰጠሁት።