1.33 ከየት መጣች?

የመመረቂያ ጥናቴ በአፈር ካርቦን ላይ ነው ስል ሰው ሁሉ ጭቃ ውስጥ የምውል ይመስለዋል። ሜዳ ላይ የምቆየው ግን ለጥቂት ጊዜ ነው፤ የቀረው ማድረቅ፣ መውቀጥ፣ መንፋት ነው። ለካርቦን ደግሞ በ2 ሚሊሜትሩ ወንፊት ያለፈው አይበቃም፤ እንደገና ደቅቆ በግማሽ ሚሊሜትሩ ማለፍ አለበት። የሥር ቁርጥራጭ በወረንጦ ስለቅም የሚያዩኝ ጓደኞቼ ይስቁብኛል።

ከዚያ የአፈር ካርቦን የሚለካበት የዎክሊና ብላክ ዘዴ ይመጣል፤ ከ1934 ጀምሮ የሚሠራበት ነው። አፈሩ ላይ ካርቦኑን የሚያቃጥለው ኬሚካል፣ ፖታሲየም ዳይክሮሜት፣ ቀጥሎ ያልተበረዘ ሰልፈሪክ አሲድ ይጨመራል። ፍላስኩ ያለ እሳት በራሱ ይግላል። 30 ደቂቃ ቆይቶ በውሃ ይቀጥንና የተረፈው ዳይክሮሜት በቲትሬሽን፣ ማለትም ቀለሙ እስኪለወጥ ሌላ ፈሳሽ ጠብ እያደረጉ፣ ይለካል። ጠቆር ያለው ሰማያዊ በአንዲት ጠብታ ብሩህ አረንጓዴ ሲሆን ጠብታውን የሚለቀውን የመስታወት ቱቦ፣ ቡሬቱን፣ ወዲያው ካልዘጉት ያ ናሙና አለቀለት። ይህን ሥራ እወደዋለሁ።

የሚከነክነኝ ከዚያ በኋላ ያለው ማባዛት ነው። በአሲዱ ሙቀት ብቻ ካርቦኑ ሁሉ አይቃጠልም፤ በአማካይ ሦስት አራተኛው ገደማ ነው የሚቃጠለው። ስለዚህ ውጤቱ በ1.33 ይባዛል። ኦርጋኒክ ቁስ (አፈር ውስጥ ያለው የዕፅዋትና የእንስሳት ቅሪት) ከተፈለገ ደግሞ 58 በመቶው ካርቦን ነው ተብሎ እንደገና በ1.724። ታዲያ የጫካ አፈርና ሲታረስ የኖረ አፈር እኩል ይቃጠላሉ ያለው ማን ነው? ከሰል ያለበት አፈርማ ለዳይክሮሜት በቀላሉ አይበገርም። የእኔ ጥናት ደግሞ የሚያወዳድረው ጫካና እርሻን ነው! አማካሪዬን ብጠይቃቸው «ጠቅሰሽው እለፊ» አሉኝ። መጥቀሱንስ እጠቅሳለሁ፤ ማለፉ ነው ያቃተኝ።

ዝቃጩም አለ። ዳይክሮሜት ውስጥ ያለው ክሮሚየም ለካንሰር የሚያጋልጠው ዓይነት ነው። ስለ አፈር ብክለት እየተማርን የክሮሚየም ጄሪካን መሙላታችን ያስቀኛል፣ ያናድደኛልም።

አሁን ያሰብኩት ከሁለቱም መሬት ጥቂት ናሙና ለይቼ፣ አፈሩን በከፍተኛ ሙቀት አቃጥሎ የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ በሚለካው ማሽን ማስለካት ነው። ከዚያ ለየመሬቱ የራሱን ማባዣ አወጣለታለሁ። ማሽኑ ግን አፈሩ ውስጥ ኖራ ካለ የኖራውንም ካርቦን ደርቦ ይቆጥራል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጠብ አድርጌ አረፋ የሚያወጣውን፣ ማለትም ኖራ ያለበትን፣ መለየት አለብኝ። ነገ ከእርሻው ናሙና እጀምራለሁ።