መራራን የሚለይ አፍንጫ

እናቴ በርበሬ ስታምስ ከጓዳ እስከ ደጅ ያለን ሁሉ እናስነጥስ ነበር። አማርኛችን ያን ጊዜ የሚሆነውን «ሸተተኝ» ሳይሆን «ሰነፈጠኝ» ብሎ ይለየዋል፤ ሰናፍጭም ስሙ ከዚሁ ቃል ጋር የተዛመደ ነው። ልዩነቱ የቃል ብቻ እንዳልሆነ የገባኝ ፊዚዮሎጂ ስማር ነው። ሽታን ወደ አንጎል የሚያደርሰው አንድ ነርቭ ሲሆን፣ መሰንፈጥን የሚያደርሰው ደግሞ ትራይጄሚናል የሚባለው፣ የፊትን የመዳሰስና የሕመም ስሜት የሚሸከም ሌላ ነርቭ ነው። በበርበሬው ውስጥ ያለው የሚያቃጥል ንጥረ ነገር በስብ ስለሚሟሟ የአፍንጫን ስስ ሽፋን አልፎ ከሥሩ ያሉትን የነርቭ ጫፎች በቀጥታ ይነካቸዋል።

ብዙዎቹ በውሃ የሚሟሙ ነገሮች ግን እርስ በርስ ተጣብቀው የቆሙትን የሽፋኑን ሕዋሳት በቀላሉ አያልፉም። ታዲያ ነርቩ ስለ እነርሱ በምን ያውቃል? እ.ኤ.አ. በ2003 በአሜሪካ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲው ቶማስ ፊንገርና ባልደረቦቹ ለዚህ መልስ የሚሆን ሥራ አሳተሙ። በአይጦች አፍንጫ ሽፋን ላይ አንድ አንድ ሆነው ተበታትነው የሚገኙ ሕዋሳት ምላስ መራራን የሚለይባቸውን ተቀባይ ፕሮቲኖች ይዘው ተገኙ፤ የተጠመጠመባቸው ነርቭ ግን የጣዕም ነርቭ ሳይሆን ያው ትራይጄሚናል ነበር። ሕፃናት እንዳይጠጧቸው በአንዳንድ መርዛማ የቤት ፈሳሾች ውስጥ የሚጨመረው እጅግ መራራ ዴናቶኒየም በሰመመን ላይ ባሉ አይጦች አፍንጫ ውስጥ ሲገባ አተነፋፈሳቸው ዝግ አለ። ስለዚህ እነዚህን ሕዋሳት «የጣዕም ሕዋሳት» ማለት የሚያሳስት ይመስለኛል፤ አይጧ በእነርሱ የምታጣጥመው ነገር የለም፣ ትንፋሿን ትገታባቸዋለች እንጂ።

አሠራራቸውን ቀረብ ብሎ ላየው የበለጠ ይደንቃል። መራራው ነገር ከተቀባዩ ጋር ሲገናኝ ገስትዱሲን የተባለው ፕሮቲን ይነቃል፣ በሕዋሱ ውስጥ ካልሲየም ይጨምራል፣ ቲአርፒኤም 5 የተባለው በር ይከፈታል፣ ከዚያም ሕዋሱ ለነርቩ መልእክት የሚያደርሰውን አሴቲልኮሊን የተባለ ኬሚካል ይለቃል። ነርቩ መልእክቱን ወደ አንጎል ግንድ ይልካል፤ እዚያው በቦታውም ሰብስታንስ ፒ የተባለውን ንጥረ ነገር በማመንጨት የደም ሥሮች ፈሳሽ እንዲያሾልኩና አካባቢው እንዲያብጥ ያደርጋል። ይህ እ.ኤ.አ. በ2014 በአይጦች ላይ ሲታይ፣ የአፍንጫ መቆጣት ከእነዚህ ሕዋሳት ተነሥቶ በነርቭ በኩል ሊጀምር እንደሚችል ግልጽ ሆነ።

እኔን ከሁሉ የሚያስገርመኝ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ውጤት ነው። ግራም ኔጌቲቭ የሚባሉት ባክቴሪያዎች ቁጥራቸው መብዛቱን እርስ በርስ የሚነጋገሩባቸው ኬሚካሎች አሏቸው፤ እነዚህ ሕዋሳት ያንኑ ንግግር ይሰማሉ። ገስትዱሲን ወይም ቲአርፒኤም 5 በሌላቸው አይጦች ግን አይጦቹ ለእነዚህ ኬሚካሎች የሚሰጡት የትንፋሽ ምላሽ አልታየም።

እነዚህ ሕዋሳት አረንጓዴ እንዲያበሩ ተደርገው በማይክሮስኮፕ የተነሡ ፎቶግራፎቻቸውን ስመለከት ሁልጊዜ ዓይኔ የሚያርፈው በአንድ ቦታ ላይ ነው። በሌላው የሽፋኑ ክፍል አልፎ አልፎ የሚታዩት ሕዋሳት ወደ ቮሜሮናዛል አካል በሚያስገባው ጠባብ ቦይ አፍ ላይ ጥቅጥቅ ብለው ተሰብስበዋል። አይጥ የሌላ አይጥ ሽንትና እንባ የሚናገረውን የምታነበው በዚያ አካል ነው፤ ለዚህም ፈሳሹን ወደ ውስጥ መሳብ ግድ ይላታል። የሚጎዳ ነገር አብሮ እንዳይገባ መግቢያውን የሚጠብቁት እነዚሁ መራራን የሚለዩ ሕዋሳት ናቸው።