ውሃ በፈረቃ የሚያገኝ ቤት ውስጥ የአኳሪየም ናይትሬትን ዝቅ አድርጎ መያዝ

አዲስ አኳሪየም ለሚጀምር ሰው የሚሰጠው ምክር በአብዛኛው አንድ ነው፤ ናይትሬት (በአብዛኛው ከዓሳ ምግብ የሚመጣ፣ ሲጠራቀም ዓሳ የሚጎዳ ነገር) ሲበዛ ውሃ ቀይር። ልክ ነው። ግን እኛ ሰፈር ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ለዓሳ የምቀይረው ውሃ ከልብስ ማጠቢያውና ከሻወሩ ላይ የሚቀነስ ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያውም ጥያቄዬ ሌላ ነበር። ባለችኝ ውሃ ናይትሬቱን እንዴት ልቆጣጠረው?

ገንዳዬ 80 ሊትር ይይዛል። ያስጀመርኩት ያለ ዓሳ ነው። የስፖንጅ ፊልተር፣ ትንሽ የአየር ፓምፕ፣ በደንብ የታጠበ ጠጠር። በየቀኑ ቆንጠር አድርጌ የዓሳ ምግብ እጥልበት ነበር። ምግቡ ሲበሰብስ አሞኒያ ይሆናል። አንዱ የባክቴሪያ ዓይነት አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጠዋል፣ ሌላው ደግሞ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት። አሞኒያና ናይትራይት በትንሹም ቢሆን ዓሳ ይጨርሳሉ። ናይትሬት ግን የሚጎዳው ቀስ ብሎ ነው። እኔ በሊትር ከ20 ሚሊግራም በታች እንዲሆን እፈልጋለሁ፣ 40 ከደረሰ ዝም አልልም።

ባክቴሪያው እስኪቋቋም ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። የአዲስ አበባ ብርድ ደግሞ ያጓትተዋል። ማሞቂያ ያለው ሰው ውሃውን ወደ 26 ዲግሪ ቢያደርሰው ቶሎ ይሄድለታል። እዚህ ላይ ከትዕግሥት ሌላ ብዙ የሚባል ነገር የለም።

ብዙ የሚባለው ስለ ናይትሬት መለኪያው ነው። የእኔን ከውጭ የመጣ ዘመድ ነው ያመጣልኝ፣ የጠብታውን ዓይነት። በመለኪያው ቱቦ 5 ሚሊ ሊትር የገንዳ ውሃ ትቀዳላችሁ፣ ከመጀመሪያው ጠርሙስ 10 ጠብታ፣ ቱቦውን ገልበጥ ገልበጥ። ቁም ነገሩ ሁለተኛው ጠርሙስ ላይ ነው። ውስጡ ያለው ነገር ከታች ይዘቅጣል። ስለዚህ መጀመሪያ ጠርሙሱን 30 ሰከንድ አጥብቆ መነቅነቅ፣ ከዚያ 10 ጠብታ፣ ከዚያ ቱቦውን ራሱን 1 ደቂቃ ሙሉ መነቅነቅ፣ ከዚያ 5 ደቂቃ መጠበቅ። ቢጫ ከቀረ ናይትሬት የለም፤ ወደ ብርቱካን፣ ከዚያ ወደ ቀይ ሲሄድ እየበዛ ነው። ሳይነቀነቅ የተለካ ውሃ ናይትሬት ሞልቶበትም ቢጫ ሊመስል ይችላል። ሰው "እኔ ጋ ዜሮ ነው" ሲለኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ይህንኑ ነው።

ለአዲስ ገንዳ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። መለኪያው የሚሠራው ናይትሬቱን ወደ ናይትራይት ለውጦ ነው። እና ገንዳው ውስጥ ገና ናይትራይት ካለ እሱንም ናይትሬት ብሎ ይቆጥረዋል። ስለዚህ ናይትራይቱ ዜሮ እስኪገባ ድረስ የናይትሬት ቁጥር አያስደንግጣችሁ። እኔ የመጀመሪያውን ቁጥር ያመንኩት ከዚያ በኋላ ነው፤ 80 አካባቢ ነበር። ዓሳ ስላልገባ አብዛኛውን ውሃ ደፋሁት። ባክቴሪያው የሚኖረው ስፖንጁና ጠጠሩ ላይ ነው እንጂ ውሃው ውስጥ አይደለም። ስፖንጁ እንዳይደርቅ ብቻ መጠንቀቅ ነው። ብዙ ውሃ የፈጀሁት ያኔ ብቻ ነው።

ከመሙላቴ በፊት ግን የቧንቧውን ውሃ ለካሁ። 5 አካባቢ ወጣ፣ ደህና ነው። ጊቢው ጉድጓድ ያለው ጓደኛዬ ጋ ስንለካ ግን 40 አሳየን። እሱ ቀኑን ሙሉ ውሃ ሲቀይር ቢውል ከ40 አይወርድለትም! ለመጠጥ ውሃ የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ 50 ሚሊግራም በሊትር ነው፤ ለሰው የሚፈቀድ ውሃ ለገንዳ መነሻ ሲሆን ብዙ ነው። የቆርቆሮ ጣሪያ የዝናብ ውሃም አልመክርም፤ ከቆርቆሮው የሚወጣው ዚንክ ለዓሳ መርዝ ነው። የቧንቧውን ውሃ ደግሞ ክዳኑ በተከፈተ በርሜል አንድ ቀን ማሳደር ያስፈልጋል፣ ክሎሪኑ እንዲሄድ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ናይትሬት ከየት ይመጣል? በአብዛኛው እኛ ከምንጥለው ምግብ። የገዛሁት ምግብ ላይ ፕሮቲን 45 በመቶ ይላል። የፕሮቲን 16 በመቶ ያህሉ ናይትሮጅን ነው። 1 ግራም ምግብ ሙሉ በሙሉ ቢቀየር 320 ሚሊግራም ያህል ናይትሬት ይወጣዋል። በ80 ሊትር ስታካፍሉት በሊትር 4 ሚሊግራም ማለት ነው። የተወሰነው የዓሳው ሥጋ ሆኖ ይቀራል፣ ቀሪው ግን ሁሉ ውሃው ውስጥ ነው።

ጋፒዎቼን (ትናንሽ ዓሦች ናቸው) ካስገባሁ በኋላ ሣጥኑ ላይ እንደተጻፈው እያበላሁ ስለካ ናይትሬቱ በሳምንት 10 ያህል ይጨምር ነበር። ከበርሜሉ ለዓሳ የሚተርፈኝ በሳምንት 20 ሊትር ነው፤ የገንዳው ሩብ። ሒሳቡን ሠራሁት። የሚጨመረው ውሃ ንጹህ ዜሮ ቢሆን እንኳን፣ በሳምንት 10 እየጨመረ ሩቡን ብቻ ከቀየርኩ ቁጥሩ እየወጣ ሄዶ 40 ላይ ነው የሚቆመው። ግማሹን ብቀይር 20 ላይ ይቆማል። ያን ያህል ውሃ ግን የለኝም። ምግቡን በግማሽ ብቀንስስ? በዚያችው 20 ሊትር 20 ላይ ይቆማል። አንዲት ሊትር ሳልጨምር።

ስለዚህ ምግቡን ቀነስኩ። በቀን አንዴ፣ በሁለት ደቂቃ ውስጥ የሚያልቅ። በሳምንት አንድ ቀን ምንም አይበሉም። ዓሳ ደሙ ቀዝቃዛ ነው፣ ሰውነቱን ለማሞቅ ምግብ አያቃጥልም፤ ስለዚህ ትንሽ ይበቃዋል። ከስተው እንደሆን ሆዳቸውንና ጀርባቸውን በየጊዜው አያለሁ። ደህና ናቸው፣ እንዲያውም ቶሎ ቶሎ ይዋኛሉ።

ሁለተኛው ረዳቴ መኒ ፕላንት ነች፣ ያቺ በየሳሎኑ የምትንጠለጠለው። ቆርጬ ሥሯን ብቻ ውሃው ውስጥ ነከርኩት፤ ቅጠሏ ከላይ አየር ላይ ነው። ነጫጭ አዳዲስ ሥር ስታወጣ ናይትሬት እየጠጣች ነው ማለት ነው። አንድ ሰው "ለምን እምቦጭ አታስገባም፣ እሱ ነው የሚጠጣው" ብሎኝ ነበር። ይጠጣል፣ እውነት ነው። ጣና ላይ ያየነው ግን ይበቃል። ከገንዳ ተጠርጎ ወንዝ ውስጥ የሚገባ አንድ ቅርንጫፍ እንኳን እንዲኖር አልፈልግም።

ቅዳሜ ቅዳሜ በጎማ ጠጠሩን እየጎረጎርኩ 20 ሊትር እቀዳለሁ። ያ ውሃ አይደፋም፤ ናይትሬቱ ማዳበሪያ ስለሆነ ጎመኑና ጤና አዳሙ ይጠጡታል። መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ፓምፕ አለኝ፤ ባክቴሪያውም ኦክስጅን ይፈልጋል። ቁጥሩ አሁን ከ10 እስከ 15 መካከል ነው የሚመላለሰው። የቀረኝ ሥራ የጋፒዎቹ ነገር ነው። በየወሩ ገደማ ይወልዳሉ፣ ጫጩት ሲበዛ ምግብ ይበዛል፣ ምግብ ሲበዛ ናይትሬቱ ይከተላል። እናም ከፍ ከፍ ያሉትን ጫጩቶች ገንዳውን ላዘጋጀ ሰው እየሰጠሁ ነው።