ከፊቱ ይልቅ ጠርዙ፦ የጥንት ወታደራዊ ሜዳሊያዎችን በመመርመር ያሳለፍኋቸው ሦስት ዓመታት

የጥንት ወታደራዊ ሜዳሊያዎችን መሰብሰብ ከጀመርሁ ሦስት ዓመት ሞላኝ። በመጀመሪያው ዓመት አንድ ሜዳሊያ እጄ ሲገባ ቀድሜ የማየው ፊቱን፣ ማለትም የነገሥታቱን ምስልና የጽሑፉን ውበት ነበር። አሁን ግን ቀድሜ የማነበው ጠርዙን ነው፤ ምክንያቱም አስመስሎ የሚሠራ ሰው ድካሙን ሁሉ የሚያፈስሰው ገዢው በሚያየው ፊት ላይ ሲሆን፣ ጠርዙን፣ ጀርባውንና የማንጠልጠያውን መጋጠሚያ ብዙ ጊዜ ችላ ይላቸዋል። ከዚህ በታች የምጽፈው ወደዚህ ልማድ ያደረሱኝን ጥቂት ሜዳሊያዎች ታሪክ ነው፤ ዓመታቱ ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው ስሕተቴ የጀርመን የብረት መስቀል ነበር። ይህን ኒሻን የፕሩሺያው ንጉሥ ፍሪድሪሽ ቪልሄልም ሦስተኛ በ1813 ያቋቋሙት ሲሆን፣ በ1870፣ በ1914 እና በ1939 እንደገና ታውጇል፤ ስለዚህ በታችኛው ክንዱ ላይ የሚነበበው ዓመት ኒሻኑ የታወጀበት እንጂ ለወታደሩ የተሰጠበት አይደለም። የተለመደው አሠራር ሦስት ክፍል አለው፦ ጥቁር የተቀባ የብረት እምብርት መሃል ይቀመጥና ሁለት የብር ክፈፎች ከፊትና ከኋላ አቅፈውት ዙሪያውን በብየዳ ይያያዛሉ። እኔ የ1914 ነው ብዬ የገዛሁት መስቀል ግን ወጥ ሆኖ የፈሰሰ ነበር። ማግኔት ሳስጠጋለት አልተሳበም፤ ዐሥር እጥፍ በሚያጎላ መነጽር ጠርዙን ስዞረው ሁለቱ ክፈፎች የሚገናኙበት የብየዳ መሥመር አልነበረም፤ እምብርቱን ከክፈፉ የሚለየውም ቀለሙ ብቻ ነበር። እዚህ ላይ አንድ ነገር ላሳስብ፦ ማግኔት ብቻውን ዳኛ አይሆንም። እምብርታቸው ከሌላ ማዕድን የሆነ እውነተኛ መስቀሎች አሉ፤ የብረት እምብርት ያላቸው አስመሳዮችም አይጠፉም። የኔን መስቀል የፈረደበት የማግኔቱና የጠርዙ ምስክርነት አንድ መሆኑ ነው።

ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜዬን የሰጠሁት ተመትቶ የተሠራውን ቀልጦ ከፈሰሰው ለመለየት ነው። በመንግሥት የሳንቲምና የሜዳሊያ ማተሚያ ቤቶች የሚሠራ ሜዳሊያ የሚዘጋጀው ክብ ጠፍጣፋ ማዕድን ምስሉ በተቀረጸባቸው ሁለት ጠንካራ ማተሚያዎች መካከል ገብቶ በከፍተኛ ኃይል ሲመታ ነው፤ ማዕድኑ ወደ እያንዳንዱ ስርጉድ ስለሚገባ የፀጉሩ ክርና የፊደሉ ጠርዝ ስል ሆኖ ይወጣል፣ ባዶው ስፍራም ለስላሳ ይሆናል። ከእውነተኛ ሜዳሊያ ላይ ቅርጽ ተወስዶ በፈሰሰ ቅጂ ግን ዝርዝሩ ውኃ እንደነካው ሳሙና ይደበዝዛል፤ የአየር አረፋ የተዋቸው ጥቃቅን ቀዳዳዎች በፊደላቱ ሥር ይታያሉ፤ የቅርጹ ሁለት ግማሾች የተገናኙበት መሥመርም በፋይል (በሞረድ) ተፍቆ እንኳ ጠርዙ ላይ ዱካ ይተዋል። ከዚህም ሌላ ቀልጦ የፈሰሰ ማዕድን ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር ቅጂው ከዋናው ጥቂት ያንሳል፤ ልዩነቱ ዓይን የማይለየው ቢሆንም ካሊፐር የሚባለው የስፋት መለኪያ ይደርስበታል። ብር ነው የተባለውን ደግሞ በውኃ እፈትነዋለሁ፦ ሪባኑን አውልቄ በአየር ላይ መዝኜው፣ ቀጥሎም በቀጭን ክር ውኃ ውስጥ አንጠልጥዬ እመዝነዋለሁ፣ የመጀመሪያውንም ክብደት በውኃው ውስጥ በቀነሰው ልክ አካፍለዋለሁ። ከሺህ 925 እጁ ንጹሕ ብር የሆነ ሜዳሊያ 10.3 አካባቢ ይሰጣል፤ ንጹሕ መዳብ 9 እንኳ አይሞላም።

ሁለተኛው ስሕተቴ የመጀመሪያውን ያህል ባያስከፍለኝም የበለጠ አሳዝኖኛል፤ ምክንያቱም በዚህኛው ጊዜ እውነተኛውን ሐሰተኛ ብዬ አሳልፌ ሰጥቻለሁ። በ1940ዎቹ ገበያ ላይ የዋሉት የጨርቅና የሳሙና ማንጫ ኬሚካሎች በአልትራቫዮሌት መብራት ሥር ሰማያዊ ነጭ ሆነው ያበራሉ፤ ስለዚህ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ሪባን እንዲህ ካበራ ክሩ ዘግይቶ የተሠራ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ይህን በተማርሁ ሰሞን በእጄ የነበረው የ1914–1919 የድል ሜዳሊያ ሪባን ሲያበራ አይቼ መላውን ሜዳሊያ ሐሰተኛ ነው ብዬ ደመደምሁ፣ ለሌላ ሰብሳቢም እንደ ቅጂ ሰጠሁት። እርሱ ግን ነሐሱን፣ ማንጠልጠያውንና በጠርዙ የተመታውን ስም አንድ በአንድ መርምሮ ምንም እንከን አላገኘበትም። የሆነው ነገር ቀላል ነበር፦ ሪባን ይበሰብሳል፣ ቤተሰብም ይለውጠዋል፤ ያረጀው ሪባን ራሱ በዘመናዊ ሳሙና ከታጠበ ያበራል። መብራቱ ስለ ክሩ የተናገረውን እኔ ስለ ማዕድኑ እንደተናገረ ቆጠርሁት። ከዚያ ወዲህ በመዝገቤ ላይ ሪባኑንና ሜዳሊያውን በሁለት የተለያዩ ረድፎች እጽፋቸዋለሁ።

ስለ ስም አጻጻፍ ካጠናኋቸው ሁሉ ልቤን የነካው ብሪታንያ በ1867–68 ወደ መቅደላ ለዘመተው ጦሯ የሰጠችው የአቢሲኒያ ሜዳሊያ ነው። በፊቱ ላይ የንግሥት ቪክቶሪያ ትንሽ ምስል ዘጠኝ ጫፍ ባለው ኮከብ መሃል ተቀምጧል፤ አቢሲኒያ የሚለው ስም በእንግሊዝኛ (ABYSSINIA) ሲጻፍ ዘጠኝ ፊደል ስለሆነ በጫፎቹ መካከል አንድ አንድ ፊደል ገብቷል። ትልቁ ነገር ግን ጀርባው ላይ ነው፦ የተሸላሚው ስምና የጦር ክፍሉ በቅጠል ጉንጉን መሃል ከፍ ብለው በወጡ ፊደላት ተመትተዋል፤ ይህም ማለት ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ መዘጋጀት ነበረበት ማለት ነው። ለአብዛኞቹ የሕንድ ወታደሮች የተሰጡት ግን ስማቸው ወደ ውስጥ የተመታ ስለሆነ፣ ስርጉድ ፊደል ያየ ሁሉ ሐሰተኛ ነው ብሎ እንዳይቸኩል አደራ እላለሁ። የእንግሊዝ ወታደር ስም በስርጉድ ፊደል ተቀርጾ ካገኛችሁ ግን መጠርጠር ተገቢ ነው።

ስም በሜዳሊያ ላይ የመምታት ልማድ በብሪታንያ የተስፋፋው ለሁሉም ማዕረግ በእኩል ከተሰጠው ከ1815ቱ የዋተርሉ ሜዳሊያ ወዲህ ነው፤ ነገር ግን ሁልጊዜ አልተጠበቀም። ከክራይሚያ ሜዳሊያዎች ብዙዎቹ ያለ ስም ተሰጥተዋል፣ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የብሪታንያ ኮከቦችም ስም ሳይመታባቸው ነው የታደሉት። ስም ዋጋ ስለሚጨምር አንዱን ስም ፍቆ የሌላ ታዋቂ ጦር ክፍል ወታደር ስም የሚያስገባ አለ። በዚህ ዓመት ያጋጠመኝም ይኸው ነው። የ1914–1920 የብሪታንያ የጦርነት ሜዳሊያ፣ በውኃ ፈተና ብር መሆኑ የተረጋገጠ፣ ፊቱና ጀርባው ያለ ነቀፋ የተመታ፣ ነገር ግን ጠርዙ ላይ ያለው ስም ቅር ያሰኘኝ ነበር፤ ፊደላቱ ማዕድኑን ገፍተው የገቡ ሳይሆኑ በመቅረጫ ተቆርጠው የወጡ ስለመሰሉኝ ነው። ከማንጠልጠያው ራቅ ብዬ በተለያየ አቅጣጫ በካሊፐር ለካሁት። መደበኛው ስፋት 36 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ስሙ ባለበት በኩል 35.6 ብቻ ሆነ፤ በፊቱ ዙሪያ ያለው ከፍ ያለ ክፈፍም እዚያው ቦታ ላይ ቀጥኗል። በፋይል ተፍቆ ነበር።

ስሙን በመዝገብ ፈለግሁት። በሴፕቴምበር 1940 በለንደን ላይ በተጣለ ቦምብ ከአንደኛው ጦርነት የእንግሊዝ ወታደሮች የአገልግሎት ፋይሎች የሚበዙት ቢቃጠሉም፣ የሜዳሊያ ካርዶቹና የእደላ መዝገቦቹ ተርፈዋል፤ መዝገቦቹና የካርዶቹ ቅጂ ለንደን፣ ኪው ባለው የብሪታንያ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ይገኛሉ። በጠርዙ ላይ የተጻፈው ሰው በእርግጥ ነበረ፣ ሜዳሊያውንም ተቀብሏል። ይህ ለጀማሪ የሚያሳምን ማስረጃ ነው፤ ይሁን እንጂ መዝገቡ የሚመሰክረው ሰውየው አንድ ሜዳሊያ እንደተቀበለ እንጂ የተቀበለው በእጄ ያለውን እንደሆነ አይደለም። አስመሳዩም መዝገቡን እንደኔው ያነባል።

ሜዳሊያውን አልመለስሁትም፣ አላጠራሁትምም፤ ማጥራት ለማንኛውም ሜዳሊያ ጉዳት ነው፣ ለእንዲህ ያለው ደግሞ የቀረውን ዱካ ማጥፋት ይሆናል። ፋይል የፊደሉን ስርጉድ ቢያነሣም የተመታው ምት ወደ ውስጥ ጠልቆ የገባበት ቦታ አልፎ አልፎ ይቀራል፤ መብራቱን ከጎን ዝቅ አድርጌ ጠርዙን በማጉያው ሥር ቀስ ብዬ ሳሽከረክር ከአዲሱ ስም ሥር የቀድሞው ወታደር መለያ ቁጥር ሦስት አሃዞች፣ ቀጥሎም የማዕረጉ የመጀመሪያ ፊደል ተነበቡልኝ። ስሙ ከተፋቀበት ከዚያ ሰው የቀረኝ ይህ ብቻ ነው። በየምሽቱ መብራቱን በሌላ ማዕዘን እያቆምሁ አራተኛውን አሃዝ እየፈለግሁ ነው።